ኢማም ሱዩጢና የሰረዟት መስመር

ብዙ የጻፈ ሰው የሚታወሰው በጻፈው ነው። ዛሬ ላነሳላችሁ ያሰብኩት ሊቅ ትልልቅና ትንንሹ ሲደመር ከ500 በላይ መጻሕፍት ጽፈው ያለፉ ናቸው። እኔን ግን ለዓመታት ሲከነክነኝ የኖረው ጽፈው የሰረዟት አንዲት መስመር ናት። መስመሯ የሰው ነፍስ ምን እንደሆነች የምትናገር ነበረች። ጻፏት፤ ቆይተው ሰረዟት፤ ለምን እንደሰረዟትም ሳይደብቁ እዚያው መጽሐፍ ውስጥ አሰፈሩት።

ይህ ነገር አንድን የሕግ ምሩቅ ለምን እንዲህ እንደያዘው ላስረዳ። እ.ኤ.አ. በ1804 የወጣው የፈረንሳይ የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 4፣ ሕጉ ዝም ብሏል፣ ግልጽ አይደለም ወይም አይበቃም የሚል ምክንያት ሰጥቶ አልፈርድም ያለ ዳኛ ፍትሕ በመንፈግ ሊከሰስ እንደሚችል ይደነግጋል። የ1952ቱን የፍትሐ ብሔር ሕጋችንን ያረቀቁት ፕሮፌሰር ሬኔ ዳቪድ ከዚያ ባህል የመጡ ሰው ነበሩ። እኛም በዚያው መንፈስ ተቀርጸን ወጣን። አንድ አንቀጽ ፊታችን ከቀረበ ትርጉም ሳናወጣለት አንላቀቅም። ጠበቃ ደግሞ የባሰ ነው፤ ትርጉም የማያወጣ ጠበቃ ደንበኛ የለውም። እንግዲህ እኒህን ሰው ማየት የጀመርኩት በዚህ ዓይን ነው።

ሙሉ ስማቸው ጀላሉዲን ዐብዱረሕማን ኢብን አቢ በክር አስ-ሱዩጢ ይባላል። ለሙስሊም አንባብያን እንግዳ አይደሉም። ወሎ ውስጥ ኪታብ የቀራና እስከ ተፍሲር የዘለቀ ደረሳ እጁ የሚገባው የቁርኣን ማብራሪያ ተፍሲር አል-ጀላለይን ነው፤ የዚያ መጽሐፍ ግማሽ የእሳቸው ነው። ለሌሎቻችን ግን ስማቸው እምብዛም የተሰማ ስላልሆነ ከመነሻቸው ልጀምር።

የተወለዱት ካይሮ ውስጥ በ849 ዓመተ ሒጅራ በረጀብ ወር መግቢያ፣ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1445 ነው። በእኛ 1438 ዓ.ም. መሆኑ ነው። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ላይ አፄ ዘርዓ ያዕቆብ የአዳሉን ሱልጣን በድላይን ጎሚት ላይ ድል አደረጉ። ያን ጊዜ ዛሬ የካ ክፍለ ከተማ በምንለው መሬት ላይ ምን እንደነበረ አፉን ሞልቶ የሚነግራችሁ ሰው ካገኛችሁ ተጠንቀቁት። የቬኒሱ መነኩሴ ፍራ ማውሮ በዚያ ዘመን በሠራው የዓለም ካርታ ላይ በረራ የምትባል የነገሥታት ከተማ አለች፤ አጥኚዎች ከእንጦጦ ግርጌ እስከ የረር ባለው አገር ያፈላልጓታል። ከቤቴ በላይ፣ ከየካ ሚካኤል ወደ ተራራው ሲወጣ የሚገኘው ከዓለት የተፈለፈለው ዋሻ ሚካኤልም እንዲሁ ያከራክራል። ትውፊቱ ወደ አብርሃና አጽብሓ ዘመን ይወስደዋል፤ ተመራማሪዎች ደግሞ ብዙ መቶ ዓመታት ወደዚህ ያቀርቡታል። ቅዳሜ ቅዳሜ በእግሬ ስወጣ ዓለቱን በእጄ እዳስሰዋለሁ፤ ዕድሜውን ግን ሊነግረኝ አልቻለም። እጅ የሚዳስሰው ነገር እንዲህ ካስቸገረ የማይዳሰሰውን የሚተረጉሙ ሰዎች ሥራ ምን ያህል እንደሚከብድ መገመት ነው።

ወደ ሰውየው ልመለስ። አባታቸው ቤተሰባቸው ከላይኛው ግብፅ፣ ከአስዩጥ የመጣ የሻፊዒ መዝሀብ ሊቅ ሲሆኑ፣ ሱዩጢ የሚለው መጠሪያም የመጣው ከዚያ ነው። ስለ ልደታቸው የሚነገር አንድ ወግ አለ። አባት ከመጻሕፍታቸው መካከል አንዱን እንዲያመጡላቸው ነፍሰ ጡር ባለቤታቸውን ላኩ፤ ምጡ እዚያው መጻሕፍቱ መካከል ያዛቸውና ተገላገሉ። ልጁ የመጻሕፍት ልጅ የሚል ቅጽል የወጣለት በዚህ ነው ይባላል። ስድስት ዓመት ሳይሞላው አባቱ ሞቱ። የአባቱ ወዳጆች የሆኑ ሊቃውንት ኃላፊነቱን ወስደው አሳደጉት። ስምንት ዓመት ሳይሞላው ቁርኣንን በቃሉ ያዘ። ገና 18 ዓመት ገደማ ሲሆነው አባቱ ያስተምሩበት በነበረው በሸይኹ መስጊድ ወንበር ላይ ተቀምጦ ማስተማር ጀመረ። ከዚህ ወዲያ አንተ ማለት ስለሚከብደኝ ወደ አንቱታ እመለሳለሁ።

በ20 ዓመታቸው አካባቢ ሐጅ አደረጉ። የዘምዘም ውኃ ለተጠጣበት ጉዳይ ይሆናል ተብሎ ይታመናል፤ ሌላው ሰው ጤና፣ ልጅ ወይም ሀብት ብሎ ሲጠጣ እሳቸው በፊቅህ የሸኽ አል-ቡልቂኒን፣ በሐዲስ ደግሞ የኢብን ሐጀርን ደረጃ እንዲያገኙ ብለው ጠጡ። ሁለቱ ስሞች በዚያ ዘመን ካይሮ የዕውቀት ጣሪያዎች ነበሩ። ልመናው ራሱ ሰውየውን ይናገራል።

ካይሮ ውስጥ ሌላ ጀላሉዲን ነበሩ፤ ጀላሉዲን አል-መሐሊ። ጨርቅ ነግደው የሚያድሩ፣ የዋና ቃዲነት ሹመት ቀርቦላቸው ይቅርብኝ ያሉ ሊቅ ናቸው። አጭርና ግልጽ የቁርኣን ማብራሪያ ለመጻፍ ተነሡና ከመካከል ጀመሩ። ከ18ኛው ምዕራፍ፣ ከአል-ከህፍ ተነሥተው እስከ መጨረሻው ከሄዱ በኋላ ወደ መጀመሪያው ተመልሰው አል-ፋቲሓን አብራሩ፤ ከዚያ ወዲያ ብዙም ሳይገፉ እ.ኤ.አ. በ1459 ሞቱ። ከሁለተኛው እስከ 17ኛው ምዕራፍ ያለው የመጽሐፉ ግማሽ ባዶውን ቀረ። ስድስት ዓመት ቆይቶ ወጣቱ ሱዩጢ ባዶውን ሊሞሉ ተቀመጡ። በ870 ዓመተ ሒጅራ በረመዳን መግቢያ ጀምረው ሸዋል 10 ቀን ጨረሱ። አርባ ቀን ነው፤ ነቢዩ ሙሳ ከጌታቸው ጋር ለመነጋገር በተራራው ላይ የቆዩትን ያህል። ዕድሜያቸው በጨረቃ አቆጣጠር 21 ዓመት ነበር። መጽሐፉም የሁለቱ ጀላሎች ማብራሪያ፣ በዐረብኛው አል-ጀላለይን ተባለ።

የአጻጻፉ ስልት ሲያዩት ቀላል ነው። የቁርኣኑ ቃል ይቀመጥና በየመካከሉ አንድም ሁለትም ቃል ማብራሪያ ይሰካበታል። ተውላጠ ስሙ ማንን እንደሚያመለክት፣ ሳይነገር የታለፈው ቃል ምን እንደሆነ፣ ሌላ አነባበብ ካለ ያም ይጠቆማል። ሐተታ አይበዛበትም። በ1961 ዓ.ም. የታተመውን የአማርኛ ቁርኣን ትርጉም ያገላበጠ ሰው በየቅንፉ ውስጥ የሚገቡትን ቃላት ሲያይ ምን ዓይነት ስልት እንደሆነ ይገባዋል። ታዲያ እንዲህ ያለ አጻጻፍ ትርፍ ቃል የሚደበቅበት ጓዳ የለውም። አንዲት ቃል ከገባች ገባች፤ ከቀረች ቀረች ነው።

የሱዩጢ ድርሻ የሚጀምረው ከአል-በቀራህ ነው፤ አል-በቀራህ ደግሞ የሚጀምረው በሦስት ፊደላት ነው፤ አሊፍ፣ ላም፣ ሚም። ቃል አይሠሩም። በቁርኣን ውስጥ 29 ምዕራፎች እንዲህ ባሉ ነጠላ ፊደላት ይከፈታሉ። ከጥንት ጀምሮ ሊቃውንት ብዙ ብለውባቸዋል። የፈጣሪ ስሞች ምህጻር ናቸው ያለ አለ፤ የምዕራፉ ስም ናቸው ያለ አለ፤ ፊደላቱን ወደ ቁጥር መንዝሮ ዘመን ያሰላባቸውም አለ። የ21 ዓመቱ ሱዩጢ ሥራቸውን ሲከፍቱ በፊደላቱ ሥር ያኖሩት ማብራሪያ ግን በዚህ ምን ማለት እንደፈለገ አላህ ያውቃል የሚል ነው። የመጀመሪያው ገጽ፣ የመጀመሪያው ማብራሪያ ይኸው ነው። በሰው ዘንድ ገና ሊታወቅ የቋመጠ ወጣት መጽሐፉን እንዲህ ብሎ ይከፍታል ብላችሁ ትጠብቃላችሁ? እኔ አልጠበቅሁም።

ቀጥሎ የሚመጣው ሦስተኛው ምዕራፍ ሰባተኛ አንቀጽ ለሕግ ሰው የተለየ ጣዕም አለው። አንቀጹ መጽሐፉ ራሱ ግልጽ የሆኑ አንቀጾችና ተመሳሳይ ወይም አሻሚ የሆኑ አንቀጾች እንዳሉበት ይናገራል። የአሻሚዎቹን ፍች ማን ያውቃል ለሚለው ጥያቄ መልሱ አንዲት ትንፋሽ ላይ ተንጠልጥሏል። አንባቢው የአላህ ስም ላይ ሲደርስ ካቆመ ፍቹን የሚያውቀው እሱ ብቻ ነው፤ በዕውቀት የጠለቁት አመንን ከማለት በቀር ድርሻ የላቸውም። ሳያቆም ከቀጠለ ግን በዕውቀት የጠለቁትም ያውቁታል ማለት ይሆናል። በጥንቱ ጽሑፍ ውስጥ ነጠላ ሰረዝም አራት ነጥብም የለም። ከቀደምቶቹ መካከል የቀጠሉ አሉ፤ ያቆሙም አሉ። ሱዩጢ ጀላለይን ውስጥ አቁመዋል። ኋላ በጎለመሱ ጊዜ 80 ክፍሎች ባሉት አል-ኢትቃን በተባለው ትልቅ የቁርኣን ጥናት መጽሐፋቸው ውስጥም ነገሩን በሰፊው መርምረው የብዙኃኑ ቀደምት አቋም ማቆም መሆኑን አጽንተዋል።

አሁን ወደ ተሰረዘችው መስመር ደረስን። አል-መሐሊ በ38ኛው ምዕራፍ፣ በሷድ ላይ፣ ፈጣሪ በአዳም ላይ ስለነፋው ሩሕ የሚናገረው ቦታ ሲደርሱ ሩሕ ማለት ሰውነት ውስጥ ዘልቆ ሰው ሕያው የሚሆንበት ረቂቅ አካል ነው የሚል ትርጓሜ ሰጥተው ነበር። ሱዩጢ በራሳቸው ድርሻ በ15ኛው ምዕራፍ፣ በአል-ሒጅር፣ ያው ነገር ሲመጣባቸው የቀዳሚያቸውን ትርጓሜ ተከትለው ጻፉት። ሁለት ምዕራፍ ወደፊት ግን አል-ኢስራእ አለ። እዚያ ሰዎች ነቢዩ ሙሐመድን ስለ ሩሕ ይጠይቃሉ፤ የሚሰጣቸው መልስ ነገሩ የጌታ ጉዳይ መሆኑንና ለሰው ከዕውቀት የተሰጠው ጥቂት ብቻ መሆኑን የሚያስታውቅ ነው። ሱዩጢ ወደ አል-ሒጅር ተመልሰው ትርጓሜውን ሰረዙት። ምክንያታቸውን በድርሻቸው መዝጊያ ላይ አስቀምጠዋል፤ አንቀጹ ይህ ዕውቀት የፈጣሪ መሆኑን በግልጽ ወይም ለግልጽ በቀረበ ቃል ከተናገረ ትርጓሜ ከመስጠት መታቀብ ይሻላል ነው ነገሩ። ደጋፊ አድርገው የጠሩት ደግሞ ታጁዲን አስ-ሱብኪን ነው። አስ-ሱብኪ በሕግ አመነጫጨት መጽሐፋቸው ነቢዩ ስለ ሩሕ አልተናገሩምና እኛም እንታቀባለን ብለው ነበር። እዚህ ላይ አንድ የጠበቃ ጥቅሻ አያለሁ። ያን የአስ-ሱብኪን መጽሐፍ ካብራሩት ሊቃውንት መካከል ዝነኛው ራሳቸው አል-መሐሊ ናቸው። ሱዩጢ ቀዳሚያቸውን የሞገቱት ቀዳሚያቸው በሚያውቁት መዝገብ ነው።

ነፍስን መተርጎም ነውር ነበር ለማለት አይደለም። ከእሳቸው በፊት የነበሩ ታላላቅ ሊቃውንት በጉዳዩ ላይ ሰፋፊ መጻሕፍት ጽፈዋል። ሱዩጢም ቢሆኑ ትርጓሜው ስህተት ነው አላሉም። መታቀብ ይሻላል ነው ያሉት። ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል፤ እኛ ሕግ ቤት ብንሆን ግን መዝገብ ተዘጋ በማለትና ሥልጣን የለኝም በማለት መካከል ያለው ልዩነት ነው።

ከአል-መሐሊ የተለዩባቸው ቦታዎች ዐሥር እንደማይሞሉ ራሳቸው ገምተዋል። ሌላው ምሳሌያቸው ሳቢያኖች ስለሚባሉት ሕዝቦች ነው። አል-መሐሊ ከአይሁድ ወገን ናቸው ብለው ነበር፤ ሱዩጢ ይህን ወሰዱና ወይም ከክርስቲያኖች የሚለውን ሁለተኛ አስተያየት ጨመሩበት። የእኛን አገር የመጻሕፍት ትርጓሜ የሚያውቅ ሰው ይህን በስሙ ይጠራዋል፤ አንድም ነው። የእኛ ሊቃውንት አንዱን ፍች ሰጥተው አንድም ብለው ሌላውን ሲያስከትሉ እንደሚያደርጉት ሁሉ፣ አንዱ አንዱን ሳያባርር ጎን ለጎን ይቀመጣሉ።

ይህን ሁሉ ያሳዩኝ ሾላ አካባቢ የሚኖሩ፣ ከወሎ የመጡ አንድ ሐጂ ጎረቤቴ ናቸው። እኔ ዐረብኛ አላነብም። እሳቸው ጀላለይንን ጭናቸው ላይ ዘርግተው ዐረብኛውን አንድ ሐረግ ያነቡና ወዲያው ወደ አማርኛ ይመልሱታል፤ ሐረግ በሐረግ፣ ልጅ ሆነው በቀሩበት ዜማ። ስለ መሰረዙ የሚናገረው ቦታ ላይ ሲደርሱ እኔ ሦስት ጊዜ አስደገምኳቸው። እሳቸው ምን እንደገረመኝ አልገባቸውም ነበር። አንድ ዓሊም የማያውቀውን አላህ ያውቃል ካላለ ምኑን ዓሊም ሆነ የሚል ነበር አስተያየታቸው።

እንግዲህ እስከዚህ ያነበበ ሰው ሱዩጢን ትሑት፣ አንገት ደፊ አድርጎ ይስላቸው ይሆናል። ኧረ የለም! ከሳቸው ይበልጥ ራሱን ያወደሰ ሊቅ በዚያ ዘመን ማግኘት ይከብዳል። በተፍሲር፣ በሐዲስ፣ በፊቅህ፣ በሰዋስውና በሦስቱ የንግግር ጥበባት፣ በድምሩ በሰባት ዕውቀቶች ባሕር መሆናቸውን በገዛ ብዕራቸው ጽፈዋል። ይባስ ብለው ሙጅተሂድ ነኝ አሉ። ሙጅተሂድ ማለት የቀደሙ ሊቃውንትን ፍርድ ከመከተል አልፎ ከምንጩ ራሱ ሕግ የማውጣት አቅም ያለው ሰው ነው። በዚያ ዘመን ብዙዎች ያ ደረጃ ያለፉት አባቶች ነው ብለው ስለሚያምኑ ከተማው ታመሰ። እሳቸው ግን ኢጅቲሃድ በየዘመኑ ግዴታ ነው ብለው መጽሐፍ ጻፉበት። በየመቶ ዓመቱ ሃይማኖቱን የሚያድስ ሰው ይመጣል የሚለውን ይዘውም የዘጠነኛው መቶ ዓመት አዳሽ እሳቸው እንዲሆኑ ተስፋ ማድረጋቸውን አልደበቁም። የታሪክ ጸሐፊው አስ-ሰኻዊ የሰው መጽሐፍ እየወሰደ የራሱ ያደርጋል ብለው በጽሑፍ ከሰሷቸው፤ ሱዩጢም በጽሑፍ ለበለቧቸው። ይህን ክፍል ማንበብ የዛሬ የጋዜጣ እሰጥ አገባ ከማንበብ ብዙም አይለይም።

እነዚያን ሰባት ዕውቀቶች በዘረዘሩበት ገጽ ላይ ግን ሌላም ነገር አለ። ከዕውቀት ሁሉ የሚከብዳቸው ሒሳብ መሆኑን፣ ከሒሳብ ጋር የተያያዘ ጥያቄ ሲያዩ ተራራ ሊሸከሙ እንደሚሞክሩ ያህል እንደሚሰማቸው ይናገራሉ። ማንም አልጠየቃቸውም። አስ-ሰኻዊን የሚያህል ባላጋራ እያላቸው ይህን መሣሪያ አቀበሉ።

ሐበሻን በሚመለከትም ለእኛ የሚጠቅም ሥራ አላቸው። ሐበሾች በባርነት በሚሸጡባት ካይሮ ተቀምጠው የሐበሾችን ክብር ከፍ ስለማድረግ ረፍዕ ሸእን አል-ሑብሻን የተባለ መጽሐፍ ጻፉ። እ.ኤ.አ. በ615 ወደ አገራችን የተሰደዱትን የነቢዩን ባልደረቦች፣ የተቀበሏቸውን ንጉሥ ነጃሺን፣ ቢላልን፣ ስለ ሐበሻ የመጡ ዘገባዎችን ሰብስበውበታል። ከዚያም ሌላ ቁርኣን ውስጥ ከዐረብኛ ውጭ የሆኑ ቃላት አሉ ወይስ የሉም በሚለው ጥንታዊ ክርክር ውስጥ ገቡ። የመዝሀባቸው አባት ኢማም አሽ-ሻፊዒ የሉም ብለው ጠንክረው የተከራከሩበት ጉዳይ ነው። ሱዩጢ አሉ ከሚሉት ወገን ሆነው ቃላቱን በየቋንቋቸው ለቀሟቸው። የሐበሻ ተብለው ከተመዘገቡት አንዱ በ24ኛው ምዕራፍ የብርሃን አንቀጽ ውስጥ ያለው ሚሽካት፣ መብራት የሚቀመጥበት የግድግዳ ክፍተት ነው። መስኮት ለሚል ሰው ማብራሪያ አያስፈልገውም። ሁለት እጥፍ ድርሻ ማለት ነው የተባለው ኪፍለይንም ክፍል ከሚለው የግዕዝ ቃላችን ጋር ዘመዳሞች ናቸው። ታዲያ እዚያው ዝርዝር ውስጥ ሐበሾች አንበሳን ቀስወራ ይሉታል የሚል ለኢብን ዐባስ የሚሰጥ ዘገባም አለ። እኛ በግዕዙም በአማርኛውም አንበሳን አንበሳ ስንል ነው የኖርነው። ዘገባን ከነባለቤቱ መመዝገብ የሱዩጢ ሙያ ነው፤ ሁሉም ዘገባ እኩል ይሠራል ማለት ግን አይደለም።

አሁን ደግሞ የማይመቸኝን ልናገር። እ.ኤ.አ. በ1490ዎቹ መጀመሪያ አንድ ሰው ወረቀት ይዞ መጣባቸው። ወረቀቱ ላይ በሒጅራ ዐሥረኛው መቶ ዓመት ውስጥ መህዲና ደጃል እንደሚመጡ፣ ሺህ ዓመት ሳይሞላ ዓለም እንደሚያልፍ የሚገልጽ ፈትዋ ተጽፎበታል። አገሩ ሁሉ ተሸብሮ ነበር። በነገራችን ላይ በዚያው ጊዜ በእኛም አገር ሊቃውንት ሌላ ቁጥር ይቆጥሩ ነበር። በዓመተ ዓለም አቆጣጠር ሰባተኛው ሺህ የሚሞላው በ1500 ዓ.ም.፣ እ.ኤ.አ. በ1508 ግድም ነው። ዛሬም ክፉ ነገር ሲበዛ የምንጠራው ስምንተኛው ሺህ በሩ ላይ ቆሞ ነበር ማለት ነው። ሱዩጢ ፈትዋውን በመጽሐፍ መልሰው አፈረሱት፤ ሕዝቡም ተነፈሰ። እዚያ ላይ ቢያቆሙ ምንኛ መልካም ነበር! ግን አላቆሙም። ዘገባ ከዘገባ አቀናጅተው የዚህ ሕዝበ ሙስሊም ዕድሜ ከሺህ ዓመት እንደሚያልፍ፣ ትርፉ ግን 500 ዓመት እንደማይሞላ አሰሉ። የሰዓቲቱን ዕውቀት ቁርኣን ለፈጣሪ ብቻ የተወው መሆኑን ከእሳቸው የተሻለ የሚያውቅ አልነበረም። ነፍስን ለመተርጎም የፈራ ብዕር የዓለምን ፍጻሜ ለማስላት አልፈራም። በዚያ ላይ ሒሳብ ነው። አሁን ያለነው በ1440ዎቹ ሒጅራ ውስጥ ሲሆን፣ 1500 የሚገባው በ2069 ዓ.ም. ነው። ያን ዓመት ልጆቻችን ያዩታል።

ለምን አንዱ ቦታ ላይ ቆመው ሌላው ቦታ ላይ አለፉ? እኔ የሚመስለኝ ይህ ነው። ሩሕ ላይ ፊት ለፊታቸው የነበረው ጽሑፉ ብቻ ነው፤ ጽሑፉ ዝም ሲል ዝም ማለት ይቻላል። ፍጻሜው ላይ ግን ፊታቸው የቆመው የተደናገጠ ሕዝብ ነው፤ መልስ ይዞ ያልወጣ ሙፍቲ የሌላውን ወረቀት ማሸነፍ አይችልም። ዳኛ አላውቅም ማለት የሚከብደው ባለጉዳዩ በሩ ላይ ሲቆም ነው። ይህ ማስተባበያ አይሆናቸውም፤ ምክንያት ግን ሊሆን ይችላል።

የመጨረሻ ዓመታቸው ሰላማዊ አልነበረም። ከሱልጣን ቃይትባይ ጋር ወደ ቤተ መንግሥት በየጊዜው እንዲወጡ በተጠየቁ ጊዜ አልወጣም ብለው ተጋጩ፤ ሊቅ ነገሥታት ደጅ መመላለስ የለበትም ብለውም ጻፉ። ካይሮ የነበረው ሥልጣን አልባው የዐባሲ ኸሊፋ በቃዲዎች ሁሉ ላይ ዋና አድርጎ ሊሾማቸው ሞከረ፤ ቃዲዎቹ ተነሡበትና ሹመቱ ሳይጸድቅ ቀረ። እ.ኤ.አ. ከ1486 ጀምሮ በይበርሲያ የተባለውን ታላቅ የሱፊዎች ማዕከል ያስተዳድሩ ነበር። እዚያ የሚኖሩት በወቅፉ ደንብ መሠረት የሚጠበቅባቸውን አያሟሉም ብለው ደመወዛቸውን ቆረጡ። እ.ኤ.አ. በ1501 ሱፊዎቹ ተሰብስበው ደበደቧቸው፤ ከነልብሳቸውም ኩሬ ውስጥ ጣሏቸው። ነፍሳቸው የተረፈችው ለጥቂት ነው። ከሹመታቸው ተነሡና ናይል ወንዝ መካከል ባለችው በሮዳ ደሴት ቤታቸው ገብተው ዘጉ።

አዲሱ ሱልጣን አል-ጉሪ ሊያግባቧቸው አንድ ጃንደረባ ባሪያና 1000 ዲናር ላኩላቸው። ዲናሩን መለሱ፤ ጃንደረባውን ነጻ አውጥተው መዲና በነቢዩ መካነ መቃብር አገልጋይ እንዲሆን አደረጉ። ስጦታ ይዞ ዳግመኛ የሚመጣ እንዳይኖርም ለመልእክተኛው ነገሩ። ሥራቸውን ማረምና መጻፍ ቀጠሉ። ጥቅምት 1505 እ.ኤ.አ. በ911 ዓመተ ሒጅራ እዚያው ሮዳ አረፉ፤ የተቀበሩት ከካይሮ ደቡብ ባለው የቀራፋ መካነ መቃብር አጠገብ ነው።

ጀላለይን ወደ እኛ የመጣው በሐጃጆች፣ በነጋዴዎችና በተማሪዎች ጀርባ ነው። አል-አዝሃር ውስጥ ከዘይላና ከሐበሻ ምድር ለሚመጡ ደረሶች ሪዋቅ አል-ጀበርት የሚባል ማደሪያ ነበር። ከዚያ የተመለሰው፣ ከመካና ከየመን የመጣው ሁሉ ተደምሮ መጽሐፉ በወሎ ተራሮች ላይ ወንበር አገኘ፤ ከዚያም ከደረሶቹ ጋር አዲስ አበባ ገባ።

ሱዩጢ የሰረዙት የራሳቸውን መስመር ብቻ ነው። የአል-መሐሊን አልነኩም። ዛሬ በሚታተመው ጀላለይን ውስጥ አል-ሒጅር ላይ የሩሕ ትርጓሜ የለም፤ 21 ምዕራፎች ከአል-ኢስራእ ወደፊት የሄደ ደረሳ ግን ሷድ ላይ ሲደርስ ነፍስ ሰውነት ውስጥ የሚዘልቅ ረቂቅ አካል ናት የሚለውን እንደተጻፈ ያገኘዋል። ሐጂም እዚያ ገጽ ላይ ሲደርሱ ጣታቸውን ሳያነሡ ያነቡታል፣ ወደ አማርኛ ይመልሱታል፣ ወደሚቀጥለው ሐረግ ያልፋሉ።